የልጆችን ስም ሲሸሽጉ የኖሩት እህታችን

ሥራችሁን ትታችሁ፣ ፀሐዩን ችላችሁ እህታችንን ልትሸኙ ለመጣችሁ ሁሉ፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው የሕይወታቸውን ነገር አነባለሁ፤ ቢረዝምብኝ ታገሡኝ፣ እርሳቸውም ቢሆኑ ረጅም አንቀጽ ይወዱ ነበር።

እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጅ ነርሷ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በስፌት መኪናው ጩኸት መካከል እያጠኑ አድገው፣ በሕግ ተመርቀው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ረቂቅ አዘጋጅ ሆነው ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከመሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ አልወረዱም። ከመሬት ቀያሹ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የደከሙበትን ጉዳይ ይዛላቸው የመጣችው አንዲት እናት ነበረች። ትምህርት ቤቱ ለልጇ መታከሚያ ርዳታ ላሰባስብ ብሎ፣ በቅንነት፣ የሚጥል በሽታ እንዳለባት ከነስሟና ከነፎቶዋ በድረ ገጹ ለጥፎ ነበር፤ በኋላ ቢያነሣውም ሌሎች ቀድተውት ኖሮ፣ ልጅቱ አድጋ ሥራ በጠየቀችበት ሁሉ ቀጣሪዎች ስሟን ሲፈልጉ ያው ገጽ ይወጣባታል። እህታችን ይህን የሚያስጠፋ ሕግ እንደሌለ ቢነግሯት፣ ሴትዮዋ «ታዲያ እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ምን ይሠራሉ?» አለቻቸው። ይህ ጥያቄ ለዓመታት እንቅልፍ ነሣቸው።

ከዚያ ወዲህ የሕፃናት የግል መረጃ በኢንተርኔት ያለ ፈቃድ እንዳይሰበሰብ፣ የወጣውም ሲጠየቅ እንዲጠፋ የሚያዝ ረቂቅ ጻፉ። አለቃ በተቀየረ ቁጥር «ለጊዜው ይቆይ» እየተባለ ተመለሰባቸው፤ እየተመለሰም ደግመው ጻፉት። ዓይናቸው ደከመ፤ እኛም፣ ምን ይደበቃል፣ ወሬው ሰለቸን። ሴት ልጃቸው የልጇን ፎቶ ከነዩኒፎርሙ ፌስቡክ ላይ ብትለጥፍ ካላነሣሽ ብለው ስላስጨነቋት፣ «ሳንሱር» የሚል ስም አወጣንላቸው። አብረውን ይስቁ ነበር፤ ፎቶውን ግን አስነሡት።

ሕጉ በመጨረሻ ሲጸድቅ እርሳቸው በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ነበሩ። የማስጠፋቱ አንቀጽ ግን ተቆርጦ ወጥቷል። ሴት ልጃቸው አንብባ ስትጨርስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከሕመሙ ይልቅ የጎዳቸው ያ ይመስለኛል። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተዋል። የልጅ ልጆችም አሏቸው፤ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ትምህርት ቤታቸውን ጽፌ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን የልጆቹ እናት ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ሰረዘችው። ይህ ሥርዓት በስልክ በቀጥታ እየተላለፈ ነው፤ የተላለፈውን የሚያስጠፋልን ሕግ ደግሞ የለንም። አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እናንተም ወደ ልጆቹ ያዞራችሁትን ስልክ እባካችሁ አውርዱልን።