የመጨረሻዋ ዕጣ

ስሜ የጸዳ መስሎኝ ነበር። የፎገራ ጎርፍ የሩዝ ማሳዬን በወሰደብኝ ዓመት አገር ጥዬ ስጠፋ፣ ለብድሬ ዋስ የነበረችው የቁሐር ሚካኤሏ የሺ ላሟን ሸጣ ከፍላልኛለች። ከስንት ዘመን በኋላ ወረታ ስመለስ መጀመሪያ የላሟን ዋጋ ሰጠኋት። ከዚያ ዕቁብ ገባሁ። ዳኛው ሐጂ ሰይድ፣ ባለሱቁ፣ «የመጨረሻዋን ዕጣ ከወሰዱ ዋስ አያስፈልግዎትም» ብለው ነው ያስገቡኝ። መጨረሻ የሚወስድ ሰው ማንንም ሊከዳ አይችልም።

በቀደም ዕጣው ለየሺ ወጣ። በሬ ልትገዛበት ነው፤ ገንዘቡን ለመውሰድ ግን ዋስ መጥራት አለባት። ማንም ሳይቀድመኝ «እኔ አለሁላት» አልሁ።

ሐጂ አቀረቀሩ። «እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ገንዘብዎን እንቀበላለን፤ ዋስትናዎን ግን አባሉ አይቀበለኝም።»

«ሳልከፍል የቀረሁበት ሳምንት አለ?»

«የለም። ግን እንደገና ቢሄዱስ?»

«በዚህ ጉልበቴ ወዴት እሄዳለሁ?»

«ያኔስ በመኪና አይደል የሄዱ?» አለ አንዱ ከኋላ። አባላቱ ሳቁ።

በስደት ሳለሁ ስለ ይቅርታ ያነበብኋቸው መጻሕፍት አንድ ግድግዳ ይሞላሉ፤ አንዱም አልደረሰልኝ። ዞሬ የሺን አየኋት። የተበደለችው እሷ ናት፤ አንድ ቃል ብትናገርልኝ ሁሉም ዝም ባለ ነበር። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች፣ «ግድ የለም ሐጂ፣ ሌላ ሰው እጠራለሁ» አለች። አምና ከይፋግ የመጣ፣ አባቱን እንኳ የማታውቀውን ነጋዴ ጠራች። ሁሉም ባንድ ቃል ተቀበሉት።