ገልብጦ መዝራት

ፈሪድ ቆቦ መናኸሪያ ከሚኒባሱ ሲወርድ፣ ሲፈራው የመጣውን ሰው ፊቱ ቆሞ አገኘው። አባቱ አቶ አብዱሰመድ የጤፍ ዘር በጆንያ ገዝተው መመለሳቸው ነው። እሳቸው ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንደሚማር ነበር የሚያውቁት። ታመህ ነው ወይ ብለው ቢጠይቁት አለመታመሙን ብቻ ተናግሮ አብሯቸው ወደ ቤት መንገድ ጀመረ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግን የመረጠው ራሱ፣ ያውም በደስታ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ግን ቀመሩ ሁሉ አፈር አፈር ይለው ጀመር፤ ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ ደብተር መግለጥ አስጠላው፣ እንቅልፍም አጣ። ልቡ የሸፈተው ወደ እንስሳት ሕክምና ነው። እንዲቀይር ተፈቅዶለታል፤ እስከ ሰኞ ካልተመዘገበ ግን ቦታው ያመልጠዋል። እንዳይናገር ደግሞ የመንደሩ ሽማግሌዎች ለዱዓ ተሰብስበው ወዳጃ ተቀምጠው ኢንጂነር ያድርግህ ብለው መርቀውታል። መቼም የኛ ሰው ላልተወለደ ልጅ ስም ማውጣት ይወዳል።

ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ከማሳቸው ዳር ሲደርሱ ሁሉንም ዘረገፈላቸው። አቶ አብዱሰመድ ጆንያውን አወረዱ።

«ከከብት ጭራ እንድትላቀቅ ነበር የላክሁህ። ያ ሁሉ ዱዓ ሜዳ ሊቀር ነው? ሰውስ ምን ይለኛል?»

ሰው ምን ይለኛል! ይህች ቃል ስንቱን ቤት አፈረሰች። እምቢ ካሉት ፈሪድ ተመልሶ ኢንጂነሪንጉን ይማራል፤ እንደማይዘልቀው ግን ያውቃል። ዓይኑ ማሳው ላይ አረፈ፤ ባለፈው ሲሄድ የበቀለው ማሽላ ታርሶ አፈር ብቻ ሆኗል።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማሽላውን ለምን ገለበጡት?»

«ዝናብ ቀረበታ። ሲደርቅ እያየሁ ልቀመጥ? ወቅቱ ሳያልፍ ጤፍ ልዘራበት ነው።»

«ሲዘራ ዱዓ አልተደረገበትም?»

«ተደርጓል። ዱዓው ለመሬቱ ነው፣ እህሉንማ አላህ...»

ቀና ብለው አዩት። የልጃቸው ጉንጭ መጎድጎዱን ያስተዋሉት ገና አሁን ነው።

«እኔም እየደረቅሁ ነው፣ አባ» አለ ፈሪድ። «የራያ ሰው ሀብቱ ከብትና ግመል ነው። ሲታመምበት የምደርስለት ብሆን ምን ነውር አለው?»

ወላጆች ሆይ፣ ልጅ የወደደውን ሲማር ጤናው ይመለሳል፣ እውቀቱ ይጠልቃል፣ ለአገሩም ይተርፋል፤ ያለ ፍላጎቱ የተገፋ ግን ወረቀት ይዞ ቢመጣ እንኳ ራሱ አብሮ አይመጣም።

አቶ አብዱሰመድ የልጃቸውን ትከሻ ያዙ።

«አብሽር፣ ልጄ። ሰው የሚለውን እኔ እችለዋለሁ። አንተን ማጣት ግን አልችልም። ነገ በጠዋት ሂድና ተመዝገብ።»