ደክመሻል የሚለኝ ሁሉ
(ጃፓን ውስጥ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ፤ ጠዋት፣ ከኃላፊዋ ቢሮ በር ላይ። ስንዱ ነባር ተንከባካቢ ናት፤ ትርንጎ ገና አዲስ።)

ትርንጎ፦ አልገባም አልኩ እትዬ ስንዱ። እጄን ልቀቂኝ።

ስንዱ፦ ትገቢያለሽ። ትላንት መታጠቢያ ቤት ጉልበትሽ ከድቶሽ እማማ ሚዶሪን ልትጥያት ነበር። ባልደርስ ኖሮ ጭንቅላቷ ገንዳው ላይ ነበር።

ትርንጎ፦ ወለሉ አዳልጦኝ ነው።

ስንዱ፦ ወለሉ ደረቅ ነበር። ለእኔ አትዋሺ።

ትርንጎ፦ እሺ፣ ደክሞኛል። ቆሜ ነው የምተኛው። ደስ አለሽ?

ስንዱ፦ ይህንኑ ለኃላፊዋ ንገሪያት።

ትርንጎ፦ መቼ አጡት? ኮሪደር ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ኦትሱካሬሳማ» ይለኛል። ደክመሻል እያለኝ ያልፋል፤ አረፍ በይ የሚለኝ ግን የለም።

ስንዱ፦ እሱማ ሰላምታቸው ነው፤ እንደኛ «በርቺ»። እሷ ጠዋት ጠዋት እንዴት ነሽ ስትልሽ ምን ትያታለሽ?

ትርንጎ፦ «ዳይጆቡ»፣ ደህና ነኝ። ሌላ ምን ይባላል? እኛ አገር አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንኳ ሲጠየቅ ይመስገን ነው የሚለው።

ስንዱ፦ እሷ ደግሞ ያልሽውን ታምናለች። ደህና ነኝ ባልሽ ቁጥር የምታጥቢው ሰው ጨመረችብሽ። በይ የምልሽን ድገሚ፤ «ሞ ገንካይ ዴስ»።

ትርንጎ፦ ምን ማለት ነው?

ስንዱ፦ አቅሜ አልቋል፣ ከዚህ በላይ አልችልም።

ትርንጎ፦ ይህን ብዬ ወደ አገሬ ቢመልሱኝስ? እናቴ ሰፈሩን ሰብስባ ነው የሸኘችኝ። ሥራ ከብዷት መጣች ከሚሏት ብሞት ይሻለኛል።

ስንዱ፦ እማማ ሚዶሪ ብትሞትስ? ዛሬም የምታጥቢያት አንቺ ነሽ።

ትርንጎ፦ እሱን አትበይኝ። ፈራሁ እኮ። አንቺ መጀመሪያ ስትነግሪያት ምን አለችሽ?

ስንዱ፦ ምኑን?

ትርንጎ፦ ገንካይ ዴስ ስትያት። ተቆጣች?

ስንዱ፦ ብያት አላውቅም።

ትርንጎ፦ ይህን ሁሉ ዓመት?

ስንዱ፦ ወገቤን በነጠላ ጠፍሬ ነው የምውለው። ትላንት እማማ ሚዶሪን ከመውደቅ ስይዛት ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር እጥፍ አለብኝ። እስካሁን ጎንበስ ማለት አልቻልኩም።

ትርንጎ፦ ዛሬ ጠዋት ስትጠይቅሽስ?

ስንዱ፦ ዳይጆቡ አልኳት።

ትርንጎ፦ ነይ፣ ትከሻዬን ያዢ። ለራሴ አልወጣ አለኝ እንጂ፣ ላንቺ ከሆነ «ገንካይ ዴስ» እላታለሁ።