የኦቦ ሙለታ አፍንጫና የሶረቲ መሣሪያ

እንጭኒ ከተማ፣ የወተት ማኅበራችን በር ላይ ከባጃጅ ስወርድ ድንቅቱ ወተቷን እንደያዘች ስትመለስ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምነው እህቴ?»

«ኦቦ ሙለታ ከማኅበሩ አስወጡኝ። ትናንት አምቦ ያለው ገዢ ጎመዘዘ ብሎ የመለሰው ወተት በአንቺ ነው የተበላሸው አሉኝ።»

ያላት አንዲት ላም ናት፤ ልጆቿ የሚያድሩት በእሷ ነው። እጇን ይዤ መለስኳት። እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም።

ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ሙለታ ክዳን እየከፈቱ ያሸታሉ፤ «ይግባ»፣ «ይመለስ» ይላሉ። ከአምቦ ተምራ የመጣችው ሶረቲ የወተት መመርመሪያዋን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች፤ ማንም ሥራ አላዘዛትም።

«ኦቦ፣ ይህችን ሴት በምን አወቁባት?» አልኩ።

«በአፍንጫዬ ነዋ! ወተቷ ወይራ አይሸትም። ዕቃዋን የማታጥን ሴት ምን ንጽሕና አላት?»

«በፈላ ውሃና በሳሙና ነው የማጥበው» አለች ድንቅቱ።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሶረቲ፤ «ጭሱ ደግ ነው፤ ግን መጎምዘዝ የጀመረውንም ይሸፍናል። ውሳኔዎ ከመጽናቱ በፊት የሁሉንም እንለካ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን የሠራ አፍንጫ በባትሪ ሊፈተን?»

«ካመኑበት ምን ያስፈራዎታል?» አልኳቸው። ሰልፉ ሳቀ።

ተለካ። የድንቅቱ ደህና ሆነ። የመሣሪያው ቀይ መብራት የበራበት አንድ ብቻ ነው፤ ወይራው ከሩቅ የሚያውድ ዕቃ።

«የማን ነው?» ብለው ኦቦ ሙለታ ተቆጡ።

«የቤትዎ ነው» አለች ሶረቲ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባለቤትዎ አዴ ቦጋለች የማታውን ከጠዋቱ ደባልቀውት ይሆናል።»

ኦቦ ሙለታ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ወይ ቦጋለች! ለካ የቤቴ ሽታ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነው የማሳልፈው! ድንቅቱ፣ ዲፈማ፣ ይቅርታ ልጄ። ወተትሽ ይግባ።»

እኔም ድል እንዳደረገ ሰው ደረቴን ነፍቼ የራሴን ወተት አቀረብኩ። መሣሪያው አሳለፈኝ። ኦቦ ሙለታ ግን ጎንበስ ብለው አሸተቱና «አንቺ ፈትለወርቅ፣ ይሄ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ይመለስ!» አሉ። እውነትም ባጃጁ ውስጥ ከናፍጣ ጀሪካን ጎን አስቀምጬው ነበር። መሣሪያው ይህን ከየት ያውቃል?

ከዚያ ወዲህ ሶረቲ ትለካለች፣ እሳቸው ያሸታሉ፤ ሁለቱ ሲስማሙ ይገባል። ከአምቦ የተመለሰ ወተት የለም፤ በጥርጣሬ የተባረረም የለም። ሰው የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ በሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ለኩ፤ ለክታችሁም አፍንጫችሁን አትናቁ።

ድንቅቱማ አሁን ከእኔ ጋር ስትሳፈር መጀመሪያ የባጃጁን ወለል ታሸታለች።