ሁለተኛው ጉርሻ

የዕድር ዳኛው አቶ መንገሻና ባለቤቱ ወይዘሮ ዘርፌ፣ ለምሳ አንድ ትሪ ከበው።

መንገሻ፦ ስሚኝ ዘርፌ። ከዛሬ ጀምሮ በርበሬ የነካው ነገር እንደማልቀምስ በይፋ አስታውቃለሁ።

ዘርፌ፦ ለማን ነው የምታስታውቀው? ለድመቷ?

መንገሻ፦ ስለት ነው። ለሚካኤል ተስያለሁ።

ዘርፌ፦ ትኩስ ሻይስ? እሱንም ተስለሃል? በቀኝ በኩል አለማኘክስ?

መንገሻ፦ እሱ ጥርሴን አሞኝ ነው።

ዘርፌ፦ የጎረቤታችን የአስካለ ወንድምም ጥርሴን ነው ሲል ከርሞ አንገቱ አበጠ። የምላስ ካንሰር ነው አሉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

መንገሻ፦ የሱ ሌላ ነው። የሱ ከኋላ፣ ከምላስ ሥር የሚነሳው ነው። ለዓይን አይታይም፤ ሲውጡ ያማል፣ ጆሮ ድረስ ይወጋል። ከፊት፣ ከጎን በኩል የሚወጣው ግን ይታያል። ከምላስ ስስ ሽፋን ይጀምርና የማይድን ቁስል ይሆናል። ሲነኩት ይደማል። በጊዜ ከደረሱበት ይታከማል።

ዘርፌ፦ ለጥርስ ሕመምተኛ ብዙ ታውቃለህ።

መንገሻ፦ በሬዲዮ ሰምቼ ነው።

ዘርፌ፦ ሬዲዮናችን ከፋሲካ ወዲህ ተንፍሶ አያውቅም።

መንገሻ፦ የጎረቤት ሬዲዮ ነው።

ዘርፌ፦ ሌላስ ምን አለ የጎረቤት ሬዲዮ?

መንገሻ፦ ነጭም ሆነ ቀይ ምልክት ሁሉ ካንሰር አይደለም አለ። ናሙና ተቆርጦ ሳይመረመር ሐኪምም አያውቀውም አለ።

ዘርፌ፦ ታዲያ ካንተ ለምን አልተቆረጠም?

መንገሻ፦ ሰፈሩን የማስታርቀው በዚህች ምላስ ነው። ነገ ኮልታፋ ብሆን ማን ዳኛ ይለኛል?

ዘርፌ፦ ለናሙና የሚወስዱት እኮ ሽምብራ አያክልም። ቦታውንም አደንዝዘው ነው።

መንገሻ፦ አንቺ ይህን ከየት አመጣሽው?

ዘርፌ፦ እኔም ጎረቤት አለኝ። አሁን ብላ። እንካ ጉርሻ።

መንገሻ፦ በርበሬ የለውም?

ዘርፌ፦ አልጫ ነው። በርዷል።

መንገሻ፦ ...ይኸው። ዋጥኩ። አየሽ? ምንም የለብኝም።

ዘርፌ፦ አንድ ጉርሻ ያጣላል። ሁለተኛውን እንካ።

መንገሻ፦ ይበቃኛል፣ በሞቴ።

ዘርፌ፦ በሠርጋችን ቀን እንኳ በአንድ አላለፍኩህም። ክፈት።

መንገሻ፦ ቆይ። ጣትሽን ምን ነካው? ወጥ ነው?

ዘርፌ፦ አልጫ መቼ ቀይ ሆኖ ያውቃል፣ መንገሻ?

መንገሻ፦ ...ጫማዬን አቀብዪኝ።