ከወይራው ሥር ማን ይቀመጥ

አያ ይግዛው ከአምደወርቅ ገበያ ሲመለሱ አህያቸው አቀበቱ መሐል ቀጥ አለች። እሳቸውም ሊያሳርፏት እንዳሰቡ ሁሉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የወንድማቸው ልጅ ማንጠግቦሽ የደረሰችባቸው እዚያው ነው። ሰቆጣ ስለ አስተዳደር ተምራ ገና መመለሷ ነበር።

«እንደምን ዋሉ አያ? አህያዋን አመማት እንዴ?»

«ደህና ናት። እየመከረች ነው።»

ወሬያቸው ወደ ነገው ጉባኤ ዞረ። ለመንደሩ ሁለተኛ የውኃ ቦኖ ሊሠራ ነው፤ ቦታውን ሽማግሌዎች ይመርጣሉ፤ ሰብሳቢው አያ ይግዛው ናቸው። ይህም ሳያገለግል ከቀረ ሌላ እንደማይኖር ተነግሯቸዋል።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከኮረብታው ላይ ይሁን ብለናል» አሉ።

«የፊተኛው ቦኖስ?»

«ቆሟል።»

«መቆሙንስ ቆሟል፤ ፍየል ይታከክበታል! ገደል ሥር አሠራችሁት። ቦታውን ልታዩ ባዶ እጃችሁን ወረዳችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ወጣችሁ። ሙሉ ጀሪካን ያዘለችውን ማን ጠየቃት?»

«አስተዳደር የሽማግሌና የመንግሥት ነው፣ ልጄ።»

«እኛ ስንማር ግን የጉዳዩ ተዋናይ የሚባለው ወንበር ያለው ብቻ አይደለም፣ አያ። ውሳኔውን ማቆምም መጣልም የሚችል ሁሉ ነው። የፊተኛውን ቦኖ ማን ጣለው? ሴቶቹ ናቸው፤ ምንም ሳይናገሩ ወደ ወንዛቸው ተመለሱ።»

አያ ይግዛው ተከዙ። «ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከቅዳሴ መልስ ጋቢያችንን አጣፍተን ወይራው ሥር ስንቀመጥ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ያን የመስኖ ጠብ እንኳ ‹የላይኞቹ ከብት ፀሐይ ሳይሞቅ ወደ ውኃው አይወርድም፤ የማለዳውን ተራ ለታችኞቹ ስጡ› ብዬ በአንድ ቃል አበረድኩት። አገር መረቀኝ።»

«ግሩም ነው! እንዴት መጣልዎ?»

ሟች ባለቤታቸው ዓይናዲስ የቤታቸው ደጃፍ ላይ ጋቢያቸውን እያስተካከለች ታየቻቸው።

«ዓይናዲስ ናት ያለችኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያማ እትዬ ዓይናዲስም ከጉባኤው ነበሩ፤ መቀመጫ ብቻ ነው ያጡት።»

አህያዋ ምክሯን ጨርሳ ተነሣች። እሳቸውም ተነሡ።

በማግስቱ አያ ይግዛው ሽማግሌዎቹን ሁሉ ሙሉ ጀሪካን አሸክመው ኮረብታውን አስወረዷቸው። ጠጠሩ አንሸራቶ ሁለቱን አስቀመጣቸው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተከራከረ አልነበረም። ጉባኤው ወይራው ሥር ሲቀመጥ አያ ይግዛው ከበርጩማቸው ተነሥተው መስታወት የተባለችውን ውኃ ቀጂ «ነይ፣ ተቀመጪና ንገሪን» አሏት።

ቦኖው ዛሬ እሷ ባለችው ቦታ፣ መንገዶቹ የሚገናኙበት ሜዳ ላይ ነው። ልጃገረዶች ደወል ሳይደወል ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፤ ቧንቧው ሲበላሽም ቦታውን የመረጡት ሁሉ የራሳችን ይሉታልና ሳይውል ሳያድር ይጠገናል። ለፍየሎቹ የድሮው ተትቶላቸዋል።

አያ ይግዛው አሁንም ወይራው ሥር ሲቀመጡ የድሮው ዝምታ ይናፍቃቸዋል። ከሁሉ የሚናፍቃቸው ግን ከደጃፍ ሳያልፍ የቀረው ድምፅ ነው። ከጎናቸው አንዲት በርጩማ ሁልጊዜ ያስቀምጣሉ፤ ቀድማ የመጣች ሴት ትቀመጥባታለች።