ከኮርኒሱ ስር ያለችው ቀዳዳ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ እዚህ ዳባት ላይ ቤት የሚሞቀው በከብት ትንፋሽ ነበር። አትሳቁ! ይሄ አሁን ሴራሚክ ተነጥፎበት በካልሲ የምትንሸራተቱበት ወለል ጋጣ ነበር፤ ላሚቱ እዚህ፣ በቅሎዋ እዚያ፣ እኛ ደግሞ ከላይ ቆጡ ላይ፣ እና ትንፋሻቸው ወደ እኛ ይወጣል፣ የእሳቱም ጭስ በሣር ክዳኑ ሾልኮ ይሄዳል። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ድንጋዩን ከተማሪዎቻቸው ጋር ተሸክመው ነው ያቆሙት። በሩ ግን ገጥሞ አያውቅም፣ ከስሩ ንፋስ ይገባል። ታዲያ አያታችሁ ዝናሽ ክረምት በመጣ ቁጥር አሮጌ ጨርቅ ትጠቀልልና የበሩን ስር ውትፍ! ዕድሜዋን ሙሉ። ይቺን ጨርቅ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንቺ መሠረት ዛሬ ከገበያ ፊትሽን አጥቁረሽ ገባሽ። ምን ሆንሽ ብልሽ፣ «አንዲት ሴትዮ ‹አያትሽን የፈጀቻት እናትሽ ናት› አለችኝ» አልሽ። እና እኔ በሕይወት እያለሁ ከሰው አፍ ምን ያሰማችኋል? ከእኔ ስሙ።

አባታችሁ አበባው ከደባርቅ መጣና፣ «አባባ፣ ሣሩ በስብሷል፤ ቤቱን እናድሰውና ሁላችን አንድ ላይ እንግባ፣ እናንተ በአንዱ ክፍል፣ እኛ ከልጆቹ ጋር በሌላው» አለን። እኔ አጉረመረምኩ። «ላሚቱስ?» ስለው፣ «ለላሚቱ ከጓሮ በረት እንሠራላታለን።» ዝናሽ ግን ደስታዋ! «አንተ ሰውዬ ዝም በል፣ እኔ ከልጅ ልጆቼ ጋር ልደር እንጂ ላሚቱ የትም ትደር!» አለችኝ።

ታዲያ ሣሩ ተነሳ፣ ቆርቆሮ ተመታ፣ ከቆርቆሮው ስር ኮርኒስ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለሰነ፣ መስኮቱ መስታወት ሆነ፣ በሩ አዲስ ሆነ። ያማረ ቤት ነው፣ አልዋሽም። ዝናሽ ወለሉን በመዳፏ እየዳበሰች፣ «ኧረ ይሄስ ሰሃን ነው፣ እንዴት ይረገጣል!» ትል ነበር።

ክረምቱ ገባ። አይ ክረምት! ከስሜን ተራራ የሚወርደውን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከብት የለ፣ ሣር የለ፣ ወለሉ በረዶ። የዝናሽ እግር አልሞቅ አለ፤ ጋቢ ብንደርብላት፣ ካልሲ ብናለብሳት፣ ወይ ፍንክች።

እና አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ ለቅሶ ሄጃለሁ፣ እናንተ ትምህርት ቤት ናችሁ። ዝናሽ እናታችሁን ጠራቻት። «ጥሩዬ ልጄ፣ እግሬን ቆረጠመኝ፤ እባክሽ ትንሽ ከሰል አስገቢልኝ።» ጥሩዬ ጥንቁቅ ናት፤ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ፣ ጭሱ እልም ብሎ እስኪጠፋ ጠብቃ፣ ፍም ብቻ ሲሆን አስገባችው። ጭስ እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ ጭስ የሌለው ፍም ሰው ይገድላል ብሎ ግን ማን ነገረን? በሩንም ገርበብ አድርጋ፣ «እማማ፣ እንዲህ ይሁን፣ አይዝጉት» ብላት ለላሚቱ ድርቆሽ ልትሰጥ ወጣች።

እኔ ስመለስ በሩን ብገፋው እንቢ አለኝ። አልተቆለፈም፤ ከስሩ የያዘው ነገር አለ። በትከሻዬ ገፋሁት። ጨርቅ! ያቺው ጨርቅ፣ ከውስጥ ተወትፋ። አዲሱ በር እኮ ግጥም ያለ ነው፤ እጇ ግን የለመደውን አደረገ። በድሮው ቤት ብትወትፍ ምን ትሆናለች? ሣሩ ሁሉን ያስወጣዋል። እዚህ የፍሙ መርዝ በየት ይውጣ?

ጋቢዋን ተከናንባ ተኝታለች፤ ፊቷ ቀላ ብሏል። «ዝናሽ፣ ሞቀሽ ወይ?» አልኳት። እንዲህ ብዬ ነው የጠየቅኳት። ጋቢዋን ብገልጠው ትንፋሽ የላትም።

ጥሩዬ እየጮኸች ገባች። እና ጨርቋን ስታይ ጩኸቷ ቆመ፤ አንስታ ቀሚሷ ውስጥ ከተተቻት። «አባባ፣ ይሄን ማንም አይይ። ከውስጥ ዘጋች ከተባለ ራሷን አጠፋች ይላሉ፣ ፍትሐት ይከለክሏታል።» «እሳቱን ያስገባሽው አንቺ ነሽ ይሉሻል እኮ!» «ይበሉኝ።» ልጆቼ፣ ይሄን ያለችው ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ነው።

ዝናሽ ፍትሐቷን አግኝታ ተቀበረች። ሰዉም ንፍሯችንን እየበላ፣ «ምራቷ ናት አሉ፤ አሮጊቷ ሰልችታት ይሆናል» ይል ጀመር። ሠልስቱ እንዳለፈ ጥሩዬ ልብሷን ጠቅልላ፣ «አባባ፣ አምባ ጊዮርጊስ እናቴ ጋ ልሂድ፤ እዚህ ቤት ከእንግዲህ እሳት ማንደድ አልችልም» አለችኝ። በሩ ላይ ቆምኩ። «ዝናሽ ይሄን ቤት ያሳደሰችው ሁላችን ልንኖርበት ነው። እኔን ረግጠሽ ትወጫለሽ?» እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ አለቅሳለሁ።

ከዚያ ዲጅኖ አነሳሁና ግድግዳውን ያዝኩት። አባታችሁ እየሮጠ፣ «ኧረ አባባ፣ ልስኑ! ልስኑ ይፈርሳል!» «ይፍረስ!» ከኮርኒሱ ስር የአባቴን አንድ ድንጋይ ፈንቅዬ አወጣሁ። በየክረምቱ «ንፋስ አስገባች፣ እንድፈናት» የምትሏት ቀዳዳ እሷ ናት። ጥሩዬም ቀዳዳዋን አይታ፣ ጥቅልሏን ፈታች።

ታዲያ እናታችሁ ማንን ፈጀች? ስሟን ሰጥታ ለአያታችሁ ፍትሐት ገዛች እንጂ። አሁን አንቺ መሠረት፣ ነገሩን አውቀሻል፤ ግን ይሄ ከዚህ ቤት አይወጣም። ነገ ያችን ሴትዮ ስታገኚ ምን ትያታለሽ?

«ምንም አልላትም፣ አባባ። ከእማዬ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን በፊቷ እናልፋለን።»